ጀሶ ላይ የቀረ ጣት

ዮርክ የገባሁት በመቃብር በኩል ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ከባቡር ወርጄ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ያንን የጎበጠ የብረትና የመስታወት ጣሪያ አንጋጥጬ ሳይ አልነበረም። ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ሙዚየም ውስጥ ቆሜ ነው ያወቅሁት። እንግሊዞች በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1870ዎቹ ለሐዲዱና ለጣቢያው መሬቱን ሲቆፍሩ የሮማውያን መካነ መቃብር ላይ ወደቁ። የድንጋይ ሣጥን፣ የእርሳስ ሣጥን፣ ማሰሮ፣ አጥንት ወጣ። ጄምስ ሬይን የተባሉ ቄስ እየተከታተሉ የቻሉትን መዘገቡ፣ የቻሉትንም ሰበሰቡ። የቀረው ብዙ አጥንት ከአፈሩ ጋር ተዛቀ። ዛሬ የምንረግጠው ጣቢያ በ1877 ሲከፈት ሥራው አለቀ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መቃብሩ እዚያ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ጥንታዊው የሮማውያን ሕግ ሬሳ ከተማ ውስጥ እንዳይቀበርም እንዳይቃጠልም ይከለክላል። ስለዚህ ሙታን ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዋና ዋናዎቹ መንገዶች ግራና ቀኝ ያርፉ ነበር። ወደ ኤቦራኩም፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ዮርክ፣ የሚገባ መንገደኛ ሕያዋኑን ከማግኘቱ በፊት ሙታኑን እጅ ነስቶ ያልፋል። እኔም ሥርዓቱን ሳላውቀው፣ የወረቀት ኩባያ ሻይ በእጄ ይዤ፣ ፈጽሜዋለሁ።

የመጣሁት አንዲት ሴት ለማየት ነው። ስሟ አይታወቅም፤ የሚጠሯት በጌጧ ነው፦ የዝሆን ጥርስ አምባር ያደረገችው እመቤት። በ1901 ሲካሞር ቴራስ በሚባል ሰፈር፣ ድንጋይ ሣጥን ውስጥ ተገኘች። የኖረችው በአራተኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስትሞት ዕድሜዋ ከ18 እስከ 23 ቢሆን ነው። አብረዋት የተቀመጡት ነገሮች መስታወቱ ጀርባ ተደርድረዋል፦ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ነጫጭ አምባሮች፤ ጄት ከሚባል፣ እንጨት በዘመናት ብዛት ድንጋይ ሆኖ ከሚገኝበት ማዕድን የተሠሩ ጥቋቁር አምባሮች፤ ጨሌ፣ የጆሮ ጌጥ፣ ትንሽ መስታወት፣ ሰማያዊ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያ። ጄቱ የዚያው የዮርክሻየር ባሕር ዳርቻ ነው። የዝሆን ጥርሱ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ነጩና ጥቁሩ በአንድ ክንድ ላይ ተራ በተራ ሲደረደሩ ታየኝ።

ከሁሉም ትንሿ ነገር ናት ያቆመችኝ። ከአጥንት የተቀረጸች፣ ጣት የማታህል ቁራጭ ናት፤ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተፈልፍለዋል። የላቲኑ ፍቺ ወደ እኛ ሲመጣ «እኅቴ፣ ሰላም ላንቺ፤ በእግዚአብሔር ሕያው ሁኚ» እንደማለት ነው። የክርስቲያን ቃል ይመስላል። አጠገቡ ግን መስታወትና ማንቆርቆሪያ አለ፤ ወንጌል የማያዝዘው፣ የቀድሞው ልማድ የሚያዝዘው ስንቅ። ያዘጋጇት ሰዎች አዲሱን እምነት ይዘው አሮጌውንም ለመጣል አልጨከኑም ይሆናል። እኔም ለቅሶ ቤት ውስጥ ቄስም ቡናም እያየሁ ስላደግሁ አልገረመኝም።

በ2010 የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንቷን እንደገና አጠኑት። ከራስ ቅሏ ልኬት ተነሥተው ከፊል የአፍሪካ ዘር ሊኖራት እንደሚችል ጻፉ። የራስ ቅል መለካት ብቻውን የሰውን ዘር አይበይንም የሚሉም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። አንድ ጎብኚ አጠገቤ ቆማ እኔንም እሷንም እያፈራረቀች አየችንና ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ። ዘመዴ ናት ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ አይደለችም ለማለትም አልቸኮልኩም።

ከአዳራሹ ወደ መውጫው ስሄድ አንድ ነጭ፣ ሸካራ፣ የተሰነጣጠቀ ነገር አየሁ። ጀሶ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍለ ዘመን በዮርክና አካባቢዋ አንዳንድ ባለጸጎች የሞተባቸውን ሰው ሣጥን ውስጥ ካስተኙ በኋላ በላዩ ጀሶ ያደርጉበት ነበር። ሥጋው ሲበሰብስ ጀሶው ቅርጹን ይዞ ይቀራል። የግምጃው ድርና ማግ ሳይቀር ይታተምበታል። ለመግለጫው አንድ ደቂቃ ሰጥቼ አለፍኩ። ምሳ ሰዓት ነበር።

ከሙዚየሙ ወደ ካቴድራሉ ሲኬድ አንድ የነሐስ ሰው ዙፋን ላይ ተለጥጦ ተቀምጧል። ቆስጠንጢኖስ ነው። አባቱ በ306 እዚሁ ዮርክ ሲሞት ሠራዊቱ ልጁን ንጉሠ ነገሥት ብሎ ጮኸለት። በየዓመቱ መስከረም 16 ደመራ ዙሪያ ቆሜ ስሟን የምሰማት የንግሥት እሌኒ ልጅ፣ ዝናብ የማያባራባት በዚህች ከተማ መንገሡን ከመጻሕፍት አውቀው ነበር፤ ቆሜ ሳየው ግን ሌላ ነው። የእሱ ልጅ ቆስጠንጢዮስ ነው ለአክሱሙ ኢዛናና ለወንድሙ ደብዳቤ የላከው። ያች ባለ አምባር ልጅ የዚያ ክፍለ ዘመን ሰው ናት። ዓለም የዚያን ጊዜም ጠባብ ነበረች።

ለካስ ያየሁት ግማሹን ብቻ ነበር። ጌጡና ሣጥኑ ቀባሪዎቹ የሰጡት ምስክርነት ነው፤ እንደ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ፣ ክፉ አይነበብበትም። ሁለተኛው ምስክር አጥንቱ ነው፤ እሱ ይሉኝታ አያውቅም። እሱን ለመስማት ከወር በኋላ ወደ ደቡብ፣ ዶርሴት አውራጃ ወደምትገኘው ዶርቼስተር ሄድኩ።

ዶርቼስተር በሮማውያን ዘመን ዱርኖቫሪያ ትባል ነበር። ሙታኗ ዛሬም ከቤት ሠሪ ጋር ይጋጫሉ። ደራሲው ቶማስ ሃርዲ በ1880ዎቹ ቤቱን ለመሥራት መሠረት ሲያስቆፍር ሦስት የሮማውያን ዘመን መቃብሮች ወጡበት። ሰዎቹ ኖራማው መሬት ውስጥ፣ በልካቸው በተቦረቦረ ጠባብ ጉድጓድ፣ እንደ እንቁላል ውስጥ ጫጩት ኩርምት ብለው ተኝተዋል። ሃርዲ ስለ ጉዳዩ ለአካባቢው የታሪክ ማኅበር ጽሑፍ አቀረበ፤ ቤቱንም እዚያው ሠርቶ እስኪሞት ኖረበት።

እኔ የምፈልገው ግን ፓውንድበሪ የሚባለውን ነው። ከከተማዋ ምዕራባዊ ጫፍ፣ አሮጌ የአፈር ምሽግ ካለበት ኮረብታ ሥር። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ክሪስቶፈር ስፓሪ ግሪን የመሩት ቁፋሮ ከ1,000 በላይ የሮማውያን ዘመን ማብቂያ መቃብሮችን አወጣ። ቦታው ስደርስ መጋዘንና ጋራዥ ነው። ቱታ የለበሰ ሰውዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። «መቃብር» አልኩት። ከጎኑ ያለው፣ ንጉሥ ቻርልስ ያስገነቡት አዲስ ሰፈር ጠፍቶኝ የመጣሁ መስሎት አቅጣጫውን ሊያሳየኝ ጀመረ። የቆምንበት አስፋልት ሥር መሆኑን ስነግረው ወደ ታች አየ፤ «እኔ እዚህ ስሠራ ስንት ዓመቴ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ግን ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም መሬቱን እያየን ዝም አልን።

የፓውንድበሪ ሰዎች በሥርዓት ነው የተቀበሩት፦ በመደዳ፣ ራስ ወደ ምዕራብ፣ እግር ወደ ምሥራቅ፣ ፊት ወደ ፀሐይ መውጫ። ይህን አቀባበር ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲቀበር ያየ ሰው ያውቀዋል። አብዛኞቹ ተራ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ናቸው፣ ጌጥም የላቸውም። ጥቂቶቹ ደግሞ እርሳስ በተለበጠ ሣጥን፣ በጀሶ ተሸፍነው፣ ግድግዳው ሥዕል በተሳለበት የመቃብር ቤት ተቀምጠዋል። እዚህ ላይ ሁለቱ ምስክሮች ይስማማሉ። ሰው የበላው በአጥንቱ ኬሚካል ውስጥ ይቀራልና ተመራማሪዎች ያንን ሲለኩ፣ ባለ መቃብር ቤቶቹ ከሌላው የበለጠ የባሕር ምግብ ይበሉ እንደነበር አገኙ። ሣጥኑ ሲለይ ማዕዱም ተለይቶ ነበር።

ያንን የእንጨት ሣጥን ማን ከፈለ ብዬ አሰብኩ። ሮማውያን እድር ነበራቸው። አልቀለድኩም። ከሮም ደቡብ ላኑቪየም በምትባል ከተማ በ136 የተጻፈ የድንጋይ ጽሑፍ የአንድ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ነው፦ መግቢያ ሴስተርስ በሚባለው የሮማውያን ገንዘብ 100ና አንድ እንስራ ጥሩ ወይን ጠጅ፤ ወርሃዊ መዋጮ አስ ከሚባለው አነስተኛ ሳንቲም 5፤ አባል ሲሞት ለቀብሩ 300 ሴስተርስ፤ ከዚያ ላይ 50ው ለቀብር ለወጡት ይከፋፈላል። መዋጮ ያላዘለለ ብቻ ነው ገንዘቡ የሚወጣለት። ከፓውንድበሪ በሁለት መቶ ዓመት ይቀድማል፤ አገሩም ሌላ ነው። ግን ብቻውን እንዳይቀበር የሚፈራ ሰው በየዘመኑ የሚያመጣው መላ አንድ ነው።

ወደ አጥንቱ ልመለስ። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባ ቴያ ሞለሰን ዐፅሞቹን ለዓመታት አጥንተዋቸዋል፤ ቆየት ብሎ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲዋ ሜሪ ሉዊስ ከ300 በላይ የሚሆኑትን ሕፃናትና ልጆች ለይታ አየች። እንዴት እንደሚነበብ አንድ ሁለቱን ላሳይ። ጥርስ ድድ ውስጥ ሲያድግ ሕፃኑ በጠና ከታመመ ወይም ከተራበ፣ የሽፋኑ ሥራ ይቆማል፤ ሲሻለው ይቀጥላል። የቆመበት ቦታ በጥርሱ ላይ አግድም ቦይ ሆኖ ይቀራል፤ በጥፍር ቢዳሰስ ይታወቃል። የዓይን ጉድጓድ ጣሪያ ደግሞ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ከተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ የልጅነት ደም ማነስ ይጠረጠራል። የእግር አጥንት እንደ ቀስት ከጎበጠ ሪኬትስ ነው፤ ፀሐይ ያላገኘ ገላ አጥንቱን ማጠንከር አቅቶት። ፓውንድበሪ ላይ ይህ ሁሉ አለ፤ የቫይታሚን ሲ እጥረት የሚያመጣው ስከርቪ አለ፣ የሳንባ ነቀርሳም ምልክት አለ።

ፀሐይ ለምን አጡ? በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሮም ውስጥ ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ሶራኑስ ለአራስ የሚደረገውን ጽፏል። ሕፃኑ ከራስ እስከ እግሩ በጨርቅ ይጠቀለል ይላል። የእናቱ ወተት ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ቀናት ያህል አይስማማውም፤ በመጀመሪያ ማር ይላስ ይላል። የሮም ልጆች እግራቸው የሚጎብጠው ለምን እንደሆነም ጠይቋል፤ ትክክለኛው ምክንያት ግን አልተገለጠለትም። ሳነበው የሳቅሁት ለአፍታ ነው። እኛም እንገሩን አስወግደን ለአራስ ቅቤ ያቀመስን ሕዝብ ነን። በሌላ በኩል ደግሞ ሕፃን ቅባት ቀብተን ጠዋት ፀሐይ የምናሞቅ እኛው ነን። ልጄ እንግሊዝ አገር ስትወለድ ነርሷ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ሰጥታን፣ ገላችን ጠቆር ስለሚል በዚህ ሰማይ ሥር አስፈላጊ መሆኑን ስትነግረን፣ እናቴ በስልክ «ፀሐይ አጥታችሁ በብልቃጥ ትገዛላችሁ?» ብላ አዝናለች። የፓውንድበሪ እናቶች ብልቃጡ አልነበራቸውም።

አጥንቱ ስለ ሮማ ግዛት የሚናገረው ግዛቱ ስለ ራሱ ከሚለው ይለያል። ብሪታንያ ውስጥ በሮማውያን ዘመን የወንድ ቁመት በአማካይ 169 ሴንቲሜትር፣ የሴት 159 ነበር። ሮማውያን ከሄዱ በኋላ፣ ከተሞቹ ፈርሰው፣ መታጠቢያ ቤቶቹ ሣር ባበቀሉበት ዘመን የተቀበሩት ሰዎች ቁመታቸው በጥቂት ሴንቲሜትር ይጨምራል። የከተማ ጥቅጥቅ ኑሮና ግብር የከበደው ማዕድ ቀርቶ ይሆናል፤ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰፋሪዎችም ድርሻ ይኖራቸዋል።

ይህን ይዤ ግዛቱን ልፈርድበት ስል የአጥንት ሊቃውንት ራሳቸው እጄን ያዙኝ። በ1992 ጄምስ ዉድና ባልደረቦቹ ያነሡት ሐሳብ ነው፦ አጥንት ቶሎ ምልክት አይዝም። ሕመም ምልክቱን አጥንት ላይ እስኪያትም ሳምንታት፣ ወራት ይፈልጋል። በሦስት ቀን ትኩሳት የሞተ ልጅ አጥንቱ እንከን የለሽ ነው። ጥርሱ ላይ ቦይ ያለበት ልጅ ግን ታሞ የዳነ ነው፤ ጥርሱ ማደጉን ቀጥሏልና። ጠባሳ የሌለው ሁሉ ጤነኛ አልነበረም፤ ጠባሳ ያለበትም ሁሉ የተሸነፈ አይደለም። ያች ባለ አምባር ወጣት ምን እንደገደላት የማይታወቀውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሐሳብ ከዶርቼስተር ወደ ለንደን በሚወስደው ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ነሳኝ። እግሩ የጎበጠ ልጅ እግሩ እስኪጎብጥ ድረስ ኖሯል። ያን ጊዜ ሁሉ ያጎረሰው አለ፣ ያዘለው አለ። ጥርሱ ላይ ያለው ቦይ የሕመሙ ምልክት ብቻ ሳይሆን የአስታማሚውም ነው፤ ከቦዩ ወደ ጥርሱ ጫፍ ያለው ለስላሳው ክፍል ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ያለፈው ጊዜ ነው፣ ከቦዩ ወደ ድዱ ያለው ደግሞ አንድ ሰው እየተነሣ ያደረበት ሌሊት ነው። ሁለት ምስክር ብዬ ስቆጥር ሦስተኛውን ዘልዬዋለሁ።

ያኔ ነው ዮርክ ላይ ለአንድ ደቂቃ አይቼ ያለፍኩት ጀሶ ትዝ ያለኝ። የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሙዚየሙ ጋር ሆነው እነዚያን ጀሶዎች ሲመረምሩ በ2023 ሁለት ነገር ለሕዝብ አሳዩ። አንደኛው ሁለት ዐዋቂዎችና አንድ ሕፃን በአንድነት የተቀበሩበት ነው፤ በካሜራ ቀርጸው ባለ ሦስት ገጽታ ምስል አድርገው ሲያዩት፣ ከአንዱ ራስ በላይ መግነዙ የታሰረበት ክር ሳይቀር ታየ። ሁለተኛው ጀሶ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከድንጋይ ሣጥኑ ሳይወጣ የኖረ ነው። ሲያነሡት ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር ተጋጥሞ በነበረው ጎን የእጅ ጣት መስመሮች አገኙ፤ አሻራም አለ። ጀሶው በሙቅ ፈስሶ የሚደፋ ይመስላቸው ነበር። ለካ እንደ ሊጥ ለስልሶ፣ በእጅ ነው የተለሰነው። የግድግዳ ምርጊት የሚመርግ ሰው እንደሚያደርገው፣ ጠርዙን በጣቱ ሞልቶ።

በሌላ ጥናት ደግሞ የብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ከዶርሴት እስከ ዮርክ ከ49 መቃብሮች የተወሰደ ፍርስራሽ መርምረው በአራቱ ውስጥ ዕጣን አግኝተዋል፤ ከደቡብ ዓረቢያ ወይም ከምሥራቅ አፍሪካ የሄደ ዕጣን። ከየትኛው ወደብ እንደተጫነ ኬሚስትሪው አይለይም። ሽታውን ግን አውቀዋለሁ።

አያቴ ያረፈች ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የጓዳው በር ገርበብ እንዳለ ሾልኬ አየሁ። ክፍሉ በዕጣን ጢስ ነጭ ሆኗል። ሴቶቹ አጥበው ጨርሰዋል። የእግሯ አውራ ጣቶች በክር ታስረዋል፤ ነጩ አቡጀዲ ከላይ ተሸፍኗል፤ ሰሌኑ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል። አክስቴ አየችኝ። «ውጣ አንተ፤ ይኼ የልጅ ቦታ አይደለም» አለች፤ ግን አልጮኸችም። በሩን እስክዘጋ ድረስ ዓይኔ እጇ ላይ ነበር። ሰሌን የሚጠቀለልበትን፣ አፈር የሚለብሰውን፣ ከእንግዲህ ማንም የማያየውን የአቡጀዲውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች፣ እጥፋቱን ታቃናለች።